አባዬ ስም የጠራ ቀን

እርጥብ የእንጨት ፍቅፋቂ ሲሸተኝ ፊቴ ይግላል። ባለፈው ጸደይ የጎረቤቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣላት ሄጄ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በልጆቹ መጫወቻ አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ መጣብኝ። ቀኑ ብርድ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። አጠገቤ የቆመች ሴት "ደህና ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ምን ልበላት? አሥር ዓመቴ ላይ፣ እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ፣ አባቴ ትምህርት ቤት አለማለሁ ብሎ እኔን ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኘኝን ጸደይ፣ ቆሜ ላወራላት አልችልም።

የምንኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ ከተደረደሩት ፎቆች በአንዱ ነበር። ከሱዳን ከመጣን ሁለት ክረምት አልፎናል። አባዬ ሬክስዴል ውስጥ ፕላስቲክ ባልዲ የሚያመርት ፋብሪካ ይሠራል፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከቤት ሲወጣም ሲገባም እንቅልፍ ባይኑ ላይ ነው። ልብሱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። እማዬ በር ስትከፍትለት "ዳይሬክተሩ መጡ!" ትላለች። ሲያሻት ከልቧ፣ ሲያሻት ለነገር።

ዳይሬክተርነቱ ግን እውነት ነበር። ከደሴ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፤ ያንን ትምህርት ቤት ያሠራውም እሱ ነው። የከተማው ሰው እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ቆርቆሮ አዋጥቶ ነው የሠራው። አባዬ ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ይስቃል። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ቅዳሜ ለሥራ ያልመጡትን ወላጆች ስም በሰልፉ ፊት ይጠራ ነበር። "እገሌ፣ የት ጠፋህ?" ሲባል ሰልፉ በሳቅ ይሞላል፤ የተጠራውም ሰው እያፈረና እየሳቀ በሚቀጥለው ቅዳሜ እጥፍ ተሸክሞ ይመጣል። አባዬ ይህን ሲተርክ "ትምህርት ቤቴ" ነው የሚለው። ባልዲ ፋብሪካውን "ፋብሪካዬ" ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ጸደዩ የጀመረው በመጥፎ ነገር ነበር፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሚስስ ዶውሰን ኮሪደር ላይ አስቆመችኝና ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ሰሚራ፣ ሐሙስ ማታ አባትሽን ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

ወላጅ አምጪ። ያገራችን ልጅ የሆነ ሁሉ ይህቺን ትእዛዝ ያውቃታል። ወላጅ አምጪ የሚባለው ያጠፋ ልጅ ነው። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥፋቴን ፍለጋ ገባሁ። ያልመለስኩት ቀይ መቅረጫ ነበረ። የካናዳን መዝሙር ስንዘምር ከጓደኛዬ ከማርሲያ ጋር ስቀናል። ሽንት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ውኃ መጠጫዋ ጋ ቆሜ የተጫወትኩበት ቀንም አለ። ከሁሉም የባሰ የመሰለኝ መዝሙሩ ነበር። አገር ሰጥተውን እኛ ስቀንባቸው፣ መልሰው ሊሸኙን ይሆናል ብዬ ሌሊቱን አላረፍኩም።

አባዬን ስነግረው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ምክንያቱ እዚያው ነው የሚነገረው። ሺፍቱን ቀየረ፤ ካርቱም ያሰፋውን ግራጫ ሱፍ ለበሰ፤ እማዬ ክራባቱን አስተካከለችለት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ "አታስተባብይ።"

የስፖርት አዳራሹ ውስጥ ትንንሽ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ቁጭ ብለዋል፤ በወረቀት ኩባያ የሚጠጣ ነገር ይዘው ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ብስኩትም አለ። ሰው ተሰብስቦ እንዲህ በዝግታ ሲያወራ የማውቀው ለቅሶ ቤት ነው። ማን ሞቶ ነው ብዬ ሳስብ ሚስስ ዶውሰን አዲስ የመጡ ወላጆች ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ጠየቀች።

አባዬ ተነሣ። እንግሊዝኛው ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ቀጥ ያለ ነበር። "እኔ የሰሚራ አባት ሰይድ እባላለሁ" አለ። "ልጄ ያጠፋችውን ለመስማት መጥቻለሁ። እኔም መምህር ነበርኩ፤ የመምህር ድካም ይገባኛል። እንደ ልጃችሁ ቆጥራችሁ ቅጧት።" ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ "ተንበርከኪ" አለኝ።

ተንበረከክሁ። ወለሉ የሚያብለጨልጭ እንጨት ነበር፤ ፊቴን አየሁበት። ከወንበሮቹ መሃል ማርሲያ ብስኩቷን አፏ ውስጥ እንደያዘች ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ያኔ አንዲት ግዙፍ ሴት ነጭ የሥራ ጫማዋን እያሰማች መጥታ በብብቴ ሥር ገብታ አቆመችኝ። የማርሲያ እናት ናት፤ በሰፈሩ ሚስ ጆይ ይሏታል፤ ከጃማይካ የመጣች ናት። "ማንም አልከሰሰሽም፣ የኔ ልጅ" አለችኝና ወስዳ ልጇ አጠገብ አስቀመጠችኝ።

ሚስስ ዶውሰን ፊቷ ደም መስሎ ነበር። የጠራችው ወላጁን ሁሉ እንደሆነ፣ ማንም እንዳላጠፋ ደጋግማ አስረዳች። ነገሩ ግቢው ነው። ግቢው በሙሉ አስፋልት ነው፤ ትንንሾቹ ልጆች ይወድቁና ጉልበታቸው ይላጣል። መጫወቻ ይሠራላቸው ቢባል የትምህርት ቦርዱ ዕቃውን እንጂ ሠራተኛውን አልችልም ብሏል። ስለዚህ ወላጅና የሰፈር ሰው ሐሳቡንም ጉልበቱንም ያዋጣ፣ ለዚህም ኮሚቴ እንምረጥ አለች።

አባዬ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። "ጉልበቱንም" ስትል ጀርባው ቀና ሲል አየሁት። እጁን አወጣ። ዝም ቢል ብዬ በልቤ አላህን ለመንኩ፤ አልሰማኝም። አባዬ ስለ ትምህርት ቤቱ ተናገረ፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ሥራ ክፍፍል እንዴት እንደሚደረግ። የሰሙት ሰዎች ቀስ በቀስ መጻፍ ጀመሩ። ስብሰባው ሲያልቅ ኮሚቴ ገብቶ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ስለ መንበርከኬ አላነሳም። "አየሽ" አለኝ፣ "ሰው ፈልገው ነው የጠሩን። ሰው!" ለእማዬ ሲነግራት ግን ከመንበርከኬ ጀመረ፤ እማዬም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ እኔን አየችኝና ሳቋን አቋረጠች።

ከዚያ በኋላ አባዬን ማን ይቻለው። ከሺፍት መልስ ፎቅ ለፎቅ እየዞረ ያገሩን ሰው በር ያንኳኳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ልጅ ያለውም ላጤውም መጣ፤ ከስካርቦሮ ሳይቀር በመኪና ተጭነው መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ አካፋና ዶማ የያዘ ሐበሻ ሞልቶ ሲታይ ዕቃ የሚያወርደው ሹፌር ትምህርት ቤቱ ሊፈርስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ ይባላል።

አባዬ ሰዉን ሁለት መስመር ፊት ለፊት አቆመው፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው "እህ!" እያለ ይቀበላል። ነጮቹ መጀመሪያ ዳር ቆመው አዩን። ምሳ ሳይደርስ አንድ ቀይ ጢም ያለው አባት ገብቶ "እህ!" ማለት ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ "እህ!" ይላል። አሮጌ የመኪና ጎማ ቀበሩ፣ የዥዋዥዌውን ምሰሶ ተከሉ፣ ሸርተቴውን አቆሙ። መሬቱ ላይ የሚነጠፈውን የእንጨት ፍቅፋቂ ትልቅ መኪና አምጥቶ ሲገለብጠው ክምሩ ይጨስ ነበር። ተቃጠለ ብዬ ጮህኩ። ማርሲያ እጄን ይዛ እዚያ ውስጥ ከተተችው፤ ሙቅ ነበር፤ የተጠመቀ ጌሾ ዓይነት ሽታ ነበረው። ክምሩ ላይ እየተንከባለልን ፍቅፋቂው ፀጉራችን ውስጥ ሲገባ ዋለ።

ደስ አይልም ነበር ብል ውሸት ነው። ግን አባዬ ያንን ግራጫ ኮት ለብሶ ነው አካፋ የሚይዘው። ይባስ ብሎ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠለጠለ። ረፍት ሲሆን ይነፋል፣ ሥራ ሲጀመር ይነፋል፣ የማንም እናት ወሬ ስታበዛ ይነፋል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ፊሽካውን በአፋቸው እየነፉ ያሾፉብኛል። ማርሲያ ብቻ ናት ያላሾፈችብኝ። "አባትሽ ሥራ ይወዳል" ነበር የምትለው።

መጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች ረመዳን ውስጥ ገቡ። አባዬ ጾሙን ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል። ከኮሚቴው አንዲት ሴትዮ ዶናት ይዛለት ስትመጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ ይላታል፤ እሷም በሚቀጥለው ሳምንት ጣዕሙን ቀይራ ታመጣለታለች። ሰውዬው የሚወደውን ዓይነት ሳታገኝ ጸደዩ አለቀ።

ማፍጠሪያ ላይ ግን ወሬው ሁሉ ስላልመጡት ነበር። አባዬ ተምሩን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ይጀምራል።

"ከታች ያሉት ዛሬም አልመጡም። ያቺ የልጅሽ ጓደኛ እናት፣ ከበላያችን ያለችው፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለችም። ልጇ ግን ቀኑን ሙሉ ክምር ላይ ትንከባለላለች።"

"ተዋቸው እንግዲህ" አለች እማዬ። "እዚህ አገር ሰው የራሱ አለቃ ነው።"

"እኛ አገር ስም ስጠራ ይስቁ ነበር እኮ። ስቀው ይመጣሉ።"

እማዬ ሾርባውን እየቀዳች ቀና ሳትል "እዚያም ይጠሉህ ነበር" አለችው። "አልነገሩህም እንጂ።"

አባዬ እየቀለደች መሰለው። እኔም እንደዚያው።

የምረቃው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሪባን ተወጥሯል፣ ማይክሮፎን ተተክሏል፣ ለልጆች ባለ ቀለም በረዶ በፕላስቲክ ተሰጥቷል። አፋችን ሰማያዊ ሆኗል። ሚስ ጆይም መጥታ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ቀጥታ እንደመጣች የሥራ ልብሷ ከኮቷ ሥር ይታያል፤ ነጩ ጫማም እግሯ ላይ ነው። ሚስስ ዶውሰን ሁሉን አመሰገነች፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብላ አባዬን ጠራችው። ተጨበጨበለት። በዚህ አገር ለአባዬ ሲጨበጨብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

መጀመሪያ ያለው ሁሉ ጥሩ ነበር። መንግሥትን አመሰገነ፣ ቦርዱን አመሰገነ፣ ባለ ቀይ ጢሙን ሰውዬ አመሰገነ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይህን የሠሩት የመጡት ናቸው" አለ። "ያልመጡም አሉ። ስማቸውን ልጥራ።"

ወረቀት አልያዘም። ዳይሬክተር ስም በቃሉ ነው የሚይዘው። እየጠራ፣ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን ጭምር እየተናገረ ቀጠለ። እንግሊዝኛው ደካማ ቢሆን ኖሮ ሰዉ አልገባንም ብሎ ባለፈው ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ግቢው ጸጥ አለ። እኔ ይህን ጸጥታ የማውቀው መሰለኝ። በአባዬ ታሪክ ውስጥ ከሳቁ በፊት የሚመጣው ነው። አሁን ይስቃሉ፣ የተጠራውም እያፈረ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም ኮራሁ።

"ሚስ ጆይ" አለ አባዬ። "ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ልጇ ከልጄ ጋር በየቀኑ ትጫወታለች። እሷ ግን አንድም ቅዳሜ አልመጣችም።"

እኔ ወደ ማርሲያ ዞሬ ፈገግ አልኩ። አሁን የሳቁ ተራ የእኛ ነው የሚል ፈገግታ ነበር። ማርሲያ አልሳቀችም። በእጇ የያዘችው በረዶ እየቀለጠ በክንዷ ላይ ይወርዳል፤ አፏ ሰማያዊ ነው፤ እኔን ታያለች። ያ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ማውረጃው ጠፋኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ግን አባዬ የሚያወራው ሳቅ አልነበረም። ሚስ ጆይ መጥታ የልጇን እጅ ያዘችና በአዲሱ ፍቅፋቂ ላይ እየረገጠች ወጣች። ሚስስ ዶውሰን ፈገግ ብላ ማይክሮፎኑን ከአባዬ እጅ ወሰደች።

አባዬ ወደ እኛ መጣ። "እንዴት ነበር?" አለኝ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ደስ ብሎታል። "ጥሩ ነበር" አልኩት። እማዬ "ቤት እንሂድ" ብቻ አለች።

ሰኞ ማርሲያ ወንበሯን ቀየረች። ማክሰኞ ማታ ስልክ ጮኸ፤ ሚስስ ዶውሰን ነበረች። አባዬ ቆሞ ነው ያናገራት፤ "የስ፣ የስ፣ አይ አንደርስታንድ" ሲል ሰማሁት። ስልኩን ዘጋው።

"ኮል ያደረገችው ዳይሬክተሯ ናት" አለ። "ብዙ ደክመሃል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ሌላ ሰው ይያዘው፣ አንተ እረፍ አለችኝ። አመሰገነችኝ።"

"አባረረችህ" አለች እማዬ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሐኪም ነው የነገረችው። "ሚስ ጆይን ላውንደሪ ቤት አገኛታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሽማግሌ ስታጥብ፣ አሮጊት ስታለብስ ነው የምትውለው። አንተ ቅዳሜ ስትቆፍር እሷም ሥራ ላይ ነበረች። ልጇን እዚያ ክምር ላይ የምታስውላት የሚጠብቅላት ስለሌላት፣ እኛን አምና ነበር።"

አባዬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። በኋላ "በልጇ ፊት" አለ፣ ለማንም አይደለም። "እናትን በልጇ ፊት።" ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከፋብሪካ ሲመለስ እማዬ "ዳይሬክተሩ" ማለቷን ተወች። ያቺን ቃል መናፈቄን ሳውቅ እንደ አዲስ አፈርኩ።

ዒዱ ሲቃረብ ያገራችን ሰው አፉ በለኝ፣ አፉ በይኝ እያለ ይቅር ይባባላል፤ የተቀየመ ሰው እንዳያድር። አባዬም ሁለት ጓደኞቹን ሽማግሌ ሆነው ሚስ ጆይ ቤት እንዲሄዱለት ጠየቃቸው። አንዱ ሳቀበት። ሌላው "ኧረ በአላህ ሰይድ፣ ፖሊስ ትጠራብሃለች!" አለው።

ዒዱ ነገ ሊሆን፣ አባዬ ወደ ሸለቆው ወርዶ ቆየ። ሲመለስ ከፎቃችን በር ላይ ጠራኝ። ትከሻው ላይ የተሸከመው ነገር መጀመሪያ አልገባኝም። የሕፃን ራስ ሁለት እጥፍ የሚያህል የወንዝ ድንጋይ ነው፤ እርጥብ ነበር፤ ኮቱን አርጥቦታል።

"ሽማግሌ አጣሁ" አለኝ። "አንቺ ትሆኚያለሽ።"

"አባዬ፣ ፕሊዝ" አልኩት። "ሰው ያየናል።"

"እሱ ነው ቁም ነገሩ፣ ልጄ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ አሳንሰሩ ከገበያ በሚመለስ ሰው ሞልቷል። አባዬ ድንጋዩን ከትከሻው ወደ ማጅራቱ አዞረው፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ደግፎ አንገቱን ደፋ። የማውቃቸው ሁለት ወንዶች ልጆች እርስ በርስ ተነካኩ። አንዲት ሴት የግዢ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች። እኔ ቁጥሮቹ ላይ አፈጠጥኩ። ከአባዬ ራቅ ብዬ፣ የአንዲት ሌላ ሴት ልጅ የምመስልበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ያች አሳንሰር ያን ያህል ቀስ ብላ ወጥታ አታውቅም።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ማርሲያ ከፈተችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ሚስ ጆይ መጣች፤ እግሯ ባዶ ነበር፣ ከሥራ መግባቷ ነው። አባዬን ጎንበስ እንዳለ አየችው።

"ጌታ ሆይ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ሽማግሌ ምን እንደሚል አላውቅም። አባዬ ከድንጋዩ ሥር "ጀምሪ" አለኝ። "አባቴ አጥፍቷል" አልኩ በእንግሊዝኛ። "በኛ አገር ያጠፋ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው። አንቺ ካላወረድሽለት ራሱ አያወርደውም።"

ሚስ ጆይ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ተደገፈች። በኮሪደሩ ሁለት ሦስት በሮች ተከፍተው የሰው ራስ ብቅ ብሏል።

"እንግሊዝኛ አሳምሮ ይችላል፤ ሰምቼዋለሁ" አለች። "ለምን ራሱ አይናገርም?"

አባዬ አፉን ከፈተ። ያ ማይክሮፎን ላይ የነበረ እንግሊዝኛ አልመጣለትም። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ምንጣፉ ላይ ጠብ ይላል። "አጥፍቻለሁ" አለ በአማርኛ። "አፉ ይበሉኝ በያቸው።" እስከዚያ ቀን ድረስ "እሷ" ነበር የሚላት።

ተረጎምኩላት። ሚስ ጆይ ፊቷ አልተፈታም።

"እኔን ሲያዋርደኝ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ነበር" አለች። "መምህራኑ፣ የልጄ ጓደኞች፣ ሁሉም። ይቅርታው ግን ለኮሪደር ነው?"

ይህንን አባዬ ያለ አስተርጓሚ ሰማው። ድንጋዩን በእጁ አመቻቸ።

"እውነታቸውን ነው" አለኝ። "እንዲህ በያቸው። ሰኞ ጠዋት ልጆች ሲሰለፉ፣ ግቢው ውስጥ፣ መጫወቻው ፊት፣ ይህንን ተሸክሜ እቆማለሁ። እስኪበቃቸው ድረስ እቆማለሁ።"

ሰኞ ጠዋት። ሰልፉ። አባዬ፣ ግራጫው ኮት፣ ድንጋዩ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ። ማርሲያ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ምን እንደምል ትጠብቃለች። አባዬ ደግሞ "በይ እንጂ" አለኝ። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ።

ሚስ ጆይ ከዚያ በኋላ አባዬን አላየችም። እኔን ነበር የምታየኝ፤ ረጅም ጊዜ።

"ሰኞ አንቺም እዚያ ነሽ" አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"አይሆንም" አለች። "ይህንን በልጅ ላይ አላደርግም። ማርሲያ፣ ነይ ወዲህ፣ ያዥ።"

እናትና ልጅ በግራና በቀኝ ቆመው ድንጋዩን ከአባዬ ማጅራት ላይ አነሡት። አባዬ ወዲያው ቀና አላለም። እኔ ዕፎይ አልኩ። ዕፎይ ያልኩት አባዬ ይቅር ስለተባለ አልነበረም፤ ከሰኞው ሰልፍ ስለተረፍኩ ነው፤ ያንን ደግሞ እዚያ የቆሙት ሦስቱም ያወቁብኝ መሰለኝ።

ማርሲያ የድንጋዩን ጠርዝ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷት ታየኛለች። ከምረቃው ቀን ወዲህ ቃል ተናግራኝ አታውቅም ነበር።

"ከባድ ነው" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት፤ ቀና ብዬ ግን ላያት አልቻልኩም።